ሰም የጠጣ ክር

የእትዬ አስካለን ማረፍ የሰማሁት ጠዋት፣ አቦከር ካለው መሥሪያ ቤቴ ገብቼ ገና ወንበሬን ሳላሞቅ ነው። የደወለችልኝ አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ አልማዝ ነበረች። «አክስቴ አለፈች» አለችኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። የማስታውሰው እጄን ነው። ሳላዘው ወደ አንገቴ ሄዶ የማተቤን ክር ያዘ፤ በክሩና በአንገቴ መሀል ሁለት ጣቶቼን አስገብቼ እንደ ሞኝ ቆምኩ። ክር በሰው ገላ ላይ ሲታሰር በሁለት ጣት መለካት እንዳለበት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ባጃጅ ይዤ ወደ ቤታቸው፣ ወደ ፈላና በር ሄድኩ። በመንገዱ ሁሉ የማስበው ስለ ሞታቸው አልነበረም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እኔ ስለዋሸሁት አንድ ውሸትና እሳቸው ስለተናገሩት አንድ እውነት ነበር። ሰው ሲሞት ደግነቱን ማውራት ደንብ ነው። እኔ ግን እትዬ አስካለን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የራሴ እፍረት ስለሆነ ነገሩን ከነእፍረቱ ልንገራችሁ።

እትዬ አስካለ የከተማችን የባህል ቡድን አልባሳት ያዥ ነበሩ። እኔ በዚያ ቡድን ስድስት ዓመት ጨፍሬአለሁ። አልባሳት ያዥ ሲባል ልብስ አጥቦና ተኩሶ ሳጥን ውስጥ የሚቆልፍ ሰው ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል፤ ያንንማ ማንም ይሠራዋል። የእሳቸው ዋና ሥራ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ነገር እንዳይወድቅ ማድረግ ነበር። ድሪው፣ አልቦው፣ አምባሩ፣ የወንዶቹ ጎፈር፣ የሴቶቹ የፀጉር መረብ፣ ሁሉም ከጨፋሪው ጋር ወጥቶ ከጨፋሪው ጋር መመለስ አለበት። እኛ ትከሻ ስንሰብቅ፣ ስንዘል፣ ስንሽከረከር እሳቸው ከመጋረጃው ኋላ ቆመው የሚያዩት ጭፈራውን አልነበረም፤ ክሩን ነበር። «የወደቀ ጌጥ የሰውየውን ስም ይዞ ነው የሚወድቀው» ይሉ ነበር።

አያታቸው ከሸዋ ከመጡት ወታደሮች አንዱ ነበሩ አሉ፤ እሳቸው ግን ሐረር ተወልደው ሐረር ያረጁ፣ ከሐረር ውጭ ያለውን አገር ሁሉ «ማዶ» ብለው የሚጠሩ ሰው ናቸው። አጭርና ቀጭን ነበሩ። ቀሚሳቸው ደረት ላይ ሁልጊዜ ክር የገባባት መርፌ ተሰክታ አትጠፋም። መነጽራቸው በክር ከኋላቸው ታስሯል። ነጠላቸው ንፋስ ቢመጣ፣ አውሎ ቢመጣ፣ ከትከሻቸው ንቅንቅ አይልም። እንዴት አድርገው እንደሚያስሩት በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አይቼ አላውቅም።

መርፌ ቁልፍ ከእሳቸው ክፍል አይገባም። «መርፌ ቁልፍ ጎረቤት ፊት የሚስቅ ባል ነው፤ የሚዋጋው ቤት ሲገባ ነው» ይላሉ። ከዚህ አባባል ጀርባ የራሳቸው ትዳር እንዳለ ሁላችንም እንጠረጥር ነበር፤ ደፍሮ የጠየቀ ግን የለም። አንድ ጊዜ ከወንዶቹ አንዱ ጎፈሩን በድብቅ በመርፌ ቁልፍ ይዞት ወጣ። ሲዘል መርፌው ተከፍቶ ጆሮው ሥር ወጋውና ነጭ እጀ ጠባቡ በደም ተነከረ። እትዬ አስካለ አልተቆጡትም። እጀ ጠባቡን በቀዝቃዛ ውሃ እያጠቡ «ባልህ እንዴት ዋለ?» አሉት። ሰውየው እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ይቀለድበታል።

የእሳቸው መላ ክር ነው። መድረክ ልንወጣ ሩብ ሰዓት ሲቀረን አንድ በአንድ ፊታቸው እንቆማለን፤ ጌጡን ከነልብሱ፣ ልብሱን ከነመረቡ ላያችን ላይ ይሰፉታል። ስንመለስ ደግሞ አንድ በአንድ ይተረትሩታል። ክሩ ደረቅ ክር አይደለም። ከብስኩት ቆርቆሯቸው ውስጥ ቁራጭ ጧፍ ያወጡና ክሩን በጧፉ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጎትቱታል። ይህን «ሰም ማጠጣት» ይሉታል። «ደረቅ ክር ላብ ሲነካው ይከዳል፤ ሰም የጠጣ ክር ግን ይባስ ይነክሳል።» ጧፉን የሚሰጧቸው የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ናቸው፤ ከቅዳሴ በኋላ የሚቀረውን ቁራጭ በወረቀት ጠቅልለው ያቆዩላቸዋል።

ሰፍተው ሲጨርሱ ሁለት ጣታቸውን በእያንዳንዱ ማሰሪያ ሥር ያስገባሉ። ጣቶቹ ካልገቡ ጠብቋል፤ ሦስተኛ ጣት ከገባ ላልቷል። ከዚያ ትእዛዝ ይመጣል።

«ዝለዪ።»

እዘላለሁ።

«ስገጂ።»

እሰግዳለሁ።

«ሳቂ።»

ይኼኛው ነው ጭንቁ። ሳቅ የመሰለ ሰውነት የሚያናውጥ ነገር የለም፤ ጌጥ በሳቅ ካልወደቀ በምንም አይወድቅም ባይ ናቸው። ነገር ግን ያን እንደ ዳኛ የተቋጠረ ፊት እያየሽ «ሳቂ» ስትባዪ እንዴት ትስቂያለሽ? በመጨረሻ የምንስቀው እሳቸው ስላስጨነቁን ነበር፤ ስንስቅ ደግሞ እሳቸውም ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ትንሽ ይፈታሉ። ከዚያ በኋላ መድረክ አያስፈራም።

አንድ ቀን የቡድናችን ኃላፊ የሐረሪ ሙሽራን ጭፈራ እኔ እንድመራ መረጠኝና ማተቤን እንድፈታ ነገረኝ። በቀሚሱ አንገት በኩል ይታያል አለ። እውነቱን ነበር፤ ይታያል። «ለአንድ ሰዓት ብትፈቺው ምን አለበት?» ሲለኝ እኔም እንደ ማመንታት አልኩ። እትዬ አስካለ ከጥግ ሆነው ሰሙ።

«ማተብ እንዲፈታ አይደለም የሚታሰረው» አሉት።

«ታዲያ ይታያላ እትዬ!»

«እንዳይታይ ማድረግ የማን ሥራ ነው? የኔ ነው።»

ማተቤን ወደ ታች ስበው ከውስጥ ልብሴ ጋር፣ ከደረቴ በታች፣ በሦስት ጥልፍ ሰፉት። ዞር ብለው ደግሞ ያኔ የሸዋ ሙሽራ ሆና ለምትጨፍረው ለሙስሊሟ ባልደረባችን ለፈቲያ፣ ሻሿን ከፀጉር ጌጡ ሥር እንዳይገለጥ አድርገው ያዙላት። ለእሷም ለእኔም የተጠቀሙት መርፌ ያው አንድ መርፌ ነበር። ሰው የሚለብሰውን ልብስ ይለውጣል እንጂ የራሱን አይጥልም፤ ይህን በቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፣ ሲሰፉት ግን አይቻለሁ።

አሁን ወደ ሂርዙ ልምጣ።

በሙሽራው ጭፈራ ላይ አንገቴ ላይ የሚውለው ጌጥ የቡድኑ ንብረት አልነበረም። ትልልቅ ቢጫ ዶቃዎች ናቸው፤ መሀላቸው ላይ የጣት ርዝመት ያለው የብር ማኅደር ተንጠልጥሏል። በማኅደሩ ውስጥ የቁርኣን አንቀጽ የተጻፈበት ወረቀት አለ። ይህንን ነው ሂርዝ የሚሉት። የሂርዙ ባለቤት ጀጎል ውስጥ የሚኖሩት አባይ ዘሃራ ናቸው፤ አባይ በሐረሪዎች ዘንድ ለታላቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ሂርዙን ከእናታቸው ወርሰውታል፤ እናታቸው ደግሞ ከእናታቸው። ለልጆቻቸው ሠርግ ካልሆነ በቀር ከቤት አውጥተው አያውቁም። ለእትዬ አስካለ ግን ያውሳሉ። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይተዋወቃሉ። የእትዬ አስካለ እናት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አባይ ዘሃራ ልጅ ሆነው ከእናታቸው ጋር እየመጡ የስፌት መኪናው ሥር ይጫወቱ ነበር አሉ።

የማዋሱ ሥርዓት አይዛነፍም። እትዬ አስካለ በትርዒቱ ዋዜማ ራሳቸው ሄደው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ፤ በማግሥቱ ራሳቸው ይመልሳሉ። አባይ ዘሃራ ሲመለስላቸው ዶቃ አይቆጥሩም። ማኅደሩን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ ወረቀቱ ከውስጥ ኮሽ ሲል «አልሐምዱሊላህ» ይሉና ያስቀምጡታል።

የማተቤን ነገር ለአባይ ዘሃራ የነገሯቸውም ራሳቸው እትዬ አስካለ ናቸው። ልጅቱ ከሥር ማተብ አላት፣ አላወለቀችም፤ ቅር ካለሽ ሌላ ልጅ ትልበሰው ብለው ጠየቋቸው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አባይ ዘሃራ ትንሽ አሰቡ።

«ከሥር ያለው የሷ ነው፤ ከላይ ያለው የኔ ነው። በመሀላቸው ጨርቅ አለ» አሉ። በዚሁ አለቀ። እንዲህ ያለ ፍርድ ከየትኛውም ሸንጎ ሰምቼ አላውቅም።

ለዓመታት ሁሉም ነገር እንዲህ ሄደ። አንድ ክረምት ላይ እትዬ አስካለን ጉልበታቸው ያዛቸው። ትርዒቱን እንደ ምንም አከናወኑ፤ በማግሥቱ ግን መነሳት አቃታቸውና ሂርዙን እኔ እንድመልስ ላኩኝ። ነጩን ጨርቅ በሁለት እጄ ይዤ፣ በእነዚያ ጠባብ መንገዶች ለሰው እየተገፋሁ፣ ትከሻዬ ላይ ከተማው ሁሉ የተጫነ ያህል እየተጠነቀቅኩ ሄድኩ።

አባይ ዘሃራ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ተቀበሉኝ። ማኅደሩን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ፤ ወረቀቱ ኮሽ አለ። ከዚያ እንደ ወትሮው ሊያስቀምጡት ሲሉ ቆም አሉ። ብሩን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። በጥፍራቸው ከማንጠልጠያው ሥር የሆነች ነገር ፋቁ። ቢጫ ሰም ነበረች፤ በውስጧ ጥቁር የተቃጠለ የጥጥ ክር። አሸተቷት።

«ይኼ ምንድነው?» አሉኝ።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። እሳቸውም የገባቸው መሰለኝ። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት እትዬ አስካለን ማዳን ነው ብዬ ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያሰብኩት ጭፈራዬን ነበር። ሂርዙ ከቀረ ሙሽራዋም ትቀራለች።

«ሰፈፍ ነው አባይ። ከገበያ የተገዛ ሰም» አልኩ።

«የገበያ?»

«አዎ።»

«ወላሂ?»

እኔ ወላሂ አልልም። የራሴ መሐላ አለኝ። ሰው እንዳያየው በሦስት ጥልፍ የተሰፋልኝን ነገር፣ ለውሸት አወጣሁት።

«በማተቤ!» አልኳቸው።

አባይ ዘሃራ ፊቴን አዩና ሂርዙን በጨርቁ ጠቀለሉት። «እሺ» አሉ። በማተብ የማለ ክርስቲያን አይዋሽም ብለው ያደጉ ሰው ናቸው።

እየሮጥኩ ወደ ፈላና በር ተመለስኩና ጀብዱዬን ለእትዬ አስካለ ተረኩላቸው። ያመሰግኑኛል ብዬ ነበር። አልጋቸው ላይ እንደተኙ ሰሙኝ። «በምን ማልሽ?» አሉኝ። «በማተቤ» አልኩ፤ ሁለተኛ ስለው ድምፄ አነሰ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገፈው ተነሡና ነጠላቸውን ፈለጉ።

«እትዬ፣ ጉልበትዎ!»

«ጉልበቴ አልዋሸም» አሉ። «ነይ ያዢኝ።»

ያንን መንገድ ለመሄድ አንድ ሰዓት ፈጀብን። በየግንቡ እያረፉ፣ አንድ እጃቸው በትከሻዬ ላይ፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ ነበር።

አባይ ዘሃራ የእትዬ አስካለን አካሄድ አይተው ደንግጠው ተነሡ። እትዬ አስካለ አልተቀመጡም።

«ዘሃራ፣ ያየሽው ጧፍ ነው» አሉ። «የቤተ ክርስቲያን ጧፍ። ክሩን በእሱ ነው ሰም የማጠጣው። ልጅቱ የዋሸችው ለኔ ብላ ነው። ጥፋቱ ግን የኔ ነው።»

አባይ ዘሃራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «የአላህ ቃል ያለበት ላይ?»

«አላሰብኩትም። ለኔ ሰም ሰም ነበር፤ ክር እንዲነክስ። ማሰብ ነበረብኝ።»

«ትናንት ብቻ ነው?»

እትዬ አስካለ ማን እንደሆኑ የታየው እዚህ ላይ ነው። አዎ ቢሉ ማን ያውቅባቸዋል? እኔ እንኳ ከመጣሁ ጥቂት ዓመቴ ነው። አባይ ዘሃራ ራሳቸው አዎ እንዲሏቸው የሚለምኑ ይመስሉ ነበር፤ ድምፃቸው እንደዚያ ነበር።

«አሥራ አንድ ዓመት ነው» አሉ እትዬ አስካለ። «ካዋስሽኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

ከውጭ ልጆች ሲጫወቱ ይሰማል። አባይ ዘሃራ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«በመሀላቸው ጨርቅ አለ ብዬሽ ነበር» አሉ። «ጨርቁን አንቺ ቀደድሽው አስካለ።»

«ቀደድኩት።»

«ሂጂ። አልጣላሽም። ግን ሂጂ።»

ተመለስን። ሂርዙ ቀረ፤ የሁለቱም ወዳጅነት አብሮ ቀረ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ከሰላምታው በኋላ የሚከተለው ረጅም ወሬ ግን አልተከተለም። ስድሳ ዓመት የተጠጋ ወሬ ነው የተቋረጠው።

ኃላፊያችን ከገበያ ከቆርቆሮ የተሠራ ማስመሰያ አስመጣ። «ከሩቅ ማን ይለየዋል?» አለ። እትዬ አስካለ ተቀብለው ሰፉት፤ ነገር ግን በደረቅ ክር። ጧፉን ትተውታል፤ የገበያ ሰም ግዙ ስንላቸውም እምቢ አሉ። «በሰም በድዬ በሰም አልሠራም» አሉ፤ እንደ ጾም ያዙት። «ሳቂ» ማለትም ተዉ። ማተቤን ደግሞ አልሰፉልኝም። መርፌውን በእጄ ሰጡኝና «አንቺው ስፊው» አሉኝ። ይህ ብቻ ነበር ቅጣቴ። መስታወት ፊት ቆሜ ሦስቱን ጥልፍ ስሰፋ ጣቴን የወጋሁትን ብዛት እኔ ነኝ የማውቀው።

ደረቅ ክር እንደተባለው ከዳ። በአንድ በዓል ላይ፣ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ ስሽከረከር ቆርቆሮው ተበጥሶ በረረና ፊት ለፊት የተቀመጡ እንግዳ ጭን ላይ አረፈ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መጋረጃው ኋላ ስመለስ እትዬ አስካለ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የወደቀባቸው የመጀመሪያው ነገር ነው። «ቆርቆሮም ቢሆን ወደቀ» አሉ። ልብሱን ሲተረትሩልኝ የተበጠሰውን ክር ጣታቸው ላይ ጠመጠሙት። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ለጭፈራዬ አልነበረም።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል በኋላ፣ ልምምድ ላይ ሳለን፣ በአዳራሹ በር አባይ ዘሃራ ገቡ። አዳራሹን ረግጠው አያውቁም። በአንድ እጃቸው ነጩን ጨርቅ፣ በሌላው የፌስታል ጥቅል ይዘዋል። ሁላችንም ቆምን። እትዬ አስካለ ከክፍላቸው ወጡ።

«ሳቁብሽ አሉ» አሉ አባይ ዘሃራ።

«ሳቁ።»

«ስምንት ወር አሰብኩ። ትናንት ብቻ ነው ብትዪኝ አምንሽ ነበር። ማን አየሽ? የሚዋሽ ሰው እየቀነሰ ነው የሚናገረው። አንቺ አሥራ አንድ አልሽ። ለእንዲህ ያለ ሰው ካልሰጠሁት ሂርዙን ለማን ልስጠው?»

ፌስታሉን ፈቱት። የጡጫ ያህል የሆነ ጥቁር ቢጫ ሰም ነው። «ድሬ ጠያራ ካለው ከወንድሜ ቀፎ ነው። መስጊድም አልገባ፣ ቤተ ክርስቲያንም አልገባ። የኔን በዚህ እሰሪው።»

እትዬ አስካለ ሰሙን ተቀብለው አሸተቱት፤ ከዚያ መነጽራቸውን ማውለቅ ፈለጉ። በክር የታሰረ መሆኑን ረስተውት ሲጎትቱት ጊዜ አባይ ዘሃራ ሳቁ፤ ሁለቱም ሳቁ፤ እየሳቁ ተላቀሱ። ያን ቀን መርፌውን ከእጄ ወሰዱና ማተቤን ራሳቸው ሰፉልኝ።

አባይ ዘሃራ ሊወጡ ሲሉ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? አሁንም በማተብሽ ትምያለሽ?»

አንገቴን ደፋሁ።

«ግድ የለም» አሉ። «እውነት የያዝሽ ቀን ማዪልኝ።»

ከዚያ ወዲህ በማተቤ ምዬ አላውቅም ነበር። በእውነትም ቢሆን፣ በቀልድም ቢሆን።

በዚያ ጠዋት ፈላና በር ስደርስ የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ይተክሉ ነበር። አባይ ዘሃራ ከእኔ ቀድመው መጥተዋል። ግቢው ውስጥ ከቤቱ በር አጠገብ ወንበር ተሰጥቷቸው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። በጣም አርጅተዋል። እጃቸውን ስሜ ወደ ውስጥ ገባሁ።

የእትዬ አስካለ ገላ ታጥቦ ነበር። ነጩ ከፈን ተዘርግቷል። የሚገንዙት ሁለት የዕድር እናቶች ናቸው። አንዷ «ክር አምጡ፤ ጠንከር ያለ» አሉ፤ አልማዝ ወደ እኔ አየች። የብስኩቱ ቆርቆሮ የት እንደሚቀመጥ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ከአልጋው ሥር አወጣሁትና ብርሃን ፍለጋ ወደ ግቢው ይዤው ወጣሁ፤ አባይ ዘሃራ እግር ሥር ተቀምጬ ከፈትኩት።

ሁለት ዓይነት ሰም ነበረበት። የድሬ ጠያራው ሰም በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ እንደ እንቁላል አንሷል፤ ዙሪያውን ክር የቆረጠው መስመር ሞልቶበታል። ከሥሩ ደግሞ በወረቀት የተጠቀለሉ የጧፍ ቁራጮች አሉ። ጧፉን ከተዉበት ቀን ጀምሮ አንዱም አልተነካም፤ አልጣሏቸውም እንጂ። እጄ በልማድ ወደ ድሬ ጠያራው ሰም ሄደ። ክሩን ልጎትትበት ስል የአባይ ዘሃራ እጅ እጄን ያዘው።

«እሱን ተዪው» አሉ።

«ለምን አባይ?»

«እሱን የሰጠኋት ለኔ ዕቃ ነው። ዛሬ የኔ ዕቃ የለባትም። ዛሬ የራሷን ነው የምትለብሰው። በጧፏ እሰሪያት።»

«እርስዎ ቅር እንዳይልዎት ብዬ ነው።»

በበሩ በኩል የሚታየውን ነጭ ከፈን በአገጫቸው አመለከቱኝ። «ከሥር ያለው የሷ ነው፤ ከላይ የቀረሁት እኔ ነኝ» አሉ። «በመሀላችን ጨርቅ አለ።»

ቁራጭ ጧፍ አነሣሁ። ክሩን ሦስት ጊዜ ጎተትኩበት። ወደ ውስጥ ገብቼ የእትዬ አስካለን የእጅ አውራ ጣቶች አንድ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ እናቶቹ ፈቀዱልኝ። እነዚያ ስንቱን ሰው ያሰሩ ጣቶች ናቸው። ቋጠሮውን ስጨርስ ሁለት ጣቴን ከክሩ ሥር አስገብቼ ለካሁ።

«አጥብቂው ልጄ» አሉኝ አንደኛዋ እናት። «ከእንግዲህ ትንፋሽ የለም።»

ጣቶቼን ለማውጣት ጊዜ ወሰደብኝ። ካወጣኋቸው በኋላ ግን አጠበቅኩት።

ስወጣ አባይ ዘሃራ እዚያው ነበሩ። ዓይናቸው ከቅርብ እንጂ ከሩቅ አጥርቶ አያይም፤ ውስጥ የሆነውን አላዩም። መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

«በምን አሰርሻት?»

«በጧፏ።»

«ወላሂ?»

እጄ ወደ አንገቴ ሄደ፤ ክሩን ያዝኩት።

«በማተቤ» አልኳቸው።

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ልክ እንደ ያኔው። ከዚያ እጃቸውን በእጄ ላይ፣ በማተቤ ላይ ጫኑት።

«አመንኩሽ» አሉ።